እርሾ እና ባክቴሪያ

«እርሾ» በአማርኛ ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንደኛው የቦካ ሊጥ ላይ ያቆረው ቢጫማ ውሃ ነው፤ ይቀዳና ለሚቀጥለው ማቡኪያ ይቀመጣል። ሁለተኛው በሥነ ሕይወት ትምህርት ይስት የሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ነው። በቡሃቃው ያለው እርሾ ግን ይስት ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያም የሞላበት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ፈንገሱን ይስት እያልን እንጠራዋለን።

የዳቦ ይስት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ፣ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ይደርሳል። አብዛኛው ባክቴሪያ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ዋናው ልዩነት ግን ውስጣቸው ነው። ይስት በሽፋን የታጠረ ኒውክለስ፣ ማለትም የሕዋስ አስኳል አለው፤ የዘር መረጃ የያዘው ዲኤንኤውም ክሮሞዞም በሚባሉ 16 ክሮች ተከፍሎ እዚያ ይቀመጣል። ኃይል የሚያመነጩት የሕዋስ ክፍሎች፣ ማይቶኮንድሪያም አሉት። በአሠራሩ ከባክቴሪያ ይልቅ ለሰው ሕዋስ ይቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባክቴሪያ ኒውክለስ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክብ ክሮሞዞሙ ያለ ሽፋን ተጠቅልሎ ይገኛል። የሕዋሳቸው ግድግዳም ይለያያል፦ የይስት ግሉካን፣ ማናንና ጥቂት ካይቲን ከተባሉ ከስኳር ሰንሰለት ከተገነቡ ነገሮች፣ የባክቴሪያ ደግሞ ስኳርና የፕሮቲን ቁራጭ ከተያያዙበት ፔፕቲዶግላይካን የተሠራ ነው። ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት ባክቴሪያን ገድሎ ይስትን የማይነካው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያበላሸው የፔፕቲዶግላይካንን ግንባታ ነውና።

ይስት በብዛት የሚራባው በማቆጥቆጥ ነው። ከእናት ሕዋስ ጎን ትንሽ እብጠት ትወጣለች፤ ኒውክለሱ ሲከፈል ግማሹ በጠባቡ አንገት አልፎ ወደ እሷ ይገባል፤ ከዚያ ልጅቱ ትገነጠላለች። በተገነጠለችበት ቦታ የቀለበት ቅርጽ ያለው የካይቲን ጠባሳ ይቀራል። አንዲት እናት በዕድሜዋ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ስለምታቆጠቁጥ፣ ጠባሳውን ቀለም አስነክቶ በማይክሮስኮፕ በመቁጠር ስንት ጊዜ እንደወለደች ማወቅ ይቻላል። ሁሉም ይስት ግን አያቆጠቁጥም። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠላ የተገኘውና በስዋሂሊ የጠላ ስም የተሰየመው ሺዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ መሃል ለመሃል ይከፈላል።

ባክቴሪያም የሚራባው ለሁለት በመከፈል ነው። በአንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ የዳቦ ይስት ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ይስት ጾታ መሰል ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉት፤ እነዚህ ይዋሐዳሉ፣ ከውሕደቱ የተገኘው ሕዋስም ምግብ ሲያጣ በአንድ ከረጢት አራት ስፖር (ክፉ ጊዜን የሚቋቋም ሕዋስ) ያፈራል። ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ውሕደት የለውም፤ ዲኤንኤ መቀባበል ግን ይችላል። አንዳንዱ ስፖር ቢሠራም ከአንድ ሕዋስ የሚወጣው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ክፉ ጊዜን ማለፊያ እንጂ መራቢያ አይደለም።

የእኛ የጤፍ ሊጥ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ ጥናት ዋናውን ድርሻ ካንዲዳ ለተባለ የይስት ዝርያ ሰጥቶ ነበር፤ በ1980ዎቹ የተሠሩት ግን ስኳርን ወደ ኮምጣጣው ላክቲክ አሲድ የሚቀይሩትን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያን ወደፊት አመጡ። ኮምጣጣነቱ የባክቴሪያ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ዓይን የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ይስትም አንዳንዱ ባክቴሪያም ስለሚሠራው፣ ለአንዱ ብቻ መስጠት ይከብዳል። በውጭ አገር ከሱቅ በተገዛ ደረቅ ይስት ቶሎ የተቦካ እንጀራ ዓይኑ ደርቶ ኮምጣጣነቱ የሚያንሰው፣ በፓኮው ያለው ይስት ብቻ ስለሆነና ባክቴሪያው አሲድ የሚሠራበት ጊዜ ስላላገኘ ነው።