የጎሳ ካዚኖ ምንድን ነው?

ከዳላስ በ35 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ቀዩን ወንዝ ተሻግሮ ኦክላሆማ እንደገባ የፓሪስን፣ የሎንደንን፣ የሮምንና የካይሮን ሕንጻዎች አስመስሎ የተሠራ፣ ጫፉ የማይታይ ግንብ ይገጥመዋል። ዊንስታር ይባላል፤ በዓለም ላይ ካሉት ሰፋፊ ካዚኖዎች አንዱ ነው። በቴክሳሶች ኪስ ይኖራል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቴክሳስ የንግድ ካዚኖ ስለማትፈቅድ ገንዘቡ ወንዙን እየተሻገረ ይሄዳል። በዳላስና በጋርላንድ ከሚኖሩት ሐበሾችም መንገዱን የሚያውቁት ጥቂት አይደሉም። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ባለቤቱ የቺካሶ ብሔር መንግሥት ነው።

የጎሳ ካዚኖ የሚባለው ይህ ነው፦ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ዕውቅና ያገኘ ነባር ሕዝብ፣ በራሱ መሬት ላይ፣ በራሱ መንግሥት ባለቤትነት የሚያካሂደው የቁማር ቤት። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ29 ግዛቶች የሚገኙ 245 ያህል ጎሳዎች ከዚህ ሥራ 41.9 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አግኝተዋል።

ስለ ጉዳዩ ሲወራ ሁለት ነገሮች ይደጋገማሉ። አንደኛው፣ መሬታቸው ስለተወሰደባቸው መንግሥት ካዚኖን በካሳ መልክ ሰጣቸው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ሁሉም ሀብታም ሆነዋል፣ ግብርም አይከፍሉም የሚለው ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የመጀመሪያው ደግሞ የታሪኩን ዋና ነገር ይገለብጠዋል፤ ካዚኖውን የሰጣቸው የለም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1831 ጎሳዎችን በአገሪቱ ውስጥ ያሉ፣ በፌዴራሉ መንግሥት ጥበቃ ሥር የሚገኙ ሕዝቦች አድርጎ ተረጎማቸው። ውላቸውም ሆነ ግንኙነታቸው ከዋሽንግተን ጋር ነው፤ የሚኖሩበት ግዛት የራሱን ሕግ እንደፈለገ ሊጭንባቸው አይችልም። ይህ መርህ ከመቶ ዓመት በላይ በወረቀት ላይ ሲንከባለል ኖሮ ገንዘብ ያወጣው በአንዲት ትንሽ የግብር ደረሰኝ ምክንያት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሚኒሶታ፣ ሊች ሌክ በተባለው የቺፕዋዎች ይዞታ፣ በተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ ለሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት የአካባቢው አስተዳደር 147 ዶላር ከ95 ሳንቲም ክፈሉ የሚል ወረቀት ላከባቸው። እነርሱም የግዛቱ መንግሥት በጎሳ መሬት ላይ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም ብለው ተከራከሩ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና በ1976 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱላቸው። ፍርዱ ከግብሩ አልፎ ሰፊ ነገር ተናገረ፤ ኮንግረስ በ1953 ለአንዳንድ ግዛቶች በጎሳ መሬት ላይ የሰጠው የዳኝነት ሥልጣን የመቆጣጠርና የማስተዳደር ሥልጣንን አይጨምርም አለ።

ነገሩን ፈጥነው ከተረዱት መካከል የፍሎሪዳ ሴሚኖሎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ በፍሎሪዳ ቢንጎ (በዕጣ የሚወጡ ቁጥሮችን ካርድ ላይ ካሉት ጋር የማዛመድ ጨዋታ) የተፈቀደ ቢሆንም የሽልማቱ መጠንና የጨዋታው ቀን በሕግ ተወስኖ ነበር። ሴሚኖሎች ታኅሣሥ 1979 ገደቡን ትተው በሆሊውድ ከተማ (የፍሎሪዳዋ ሆሊውድ ናት) ከፍተኛ ሽልማት ያለበት የቢንጎ አዳራሽ ከፈቱ። የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ እዘጋለሁ ቢል በፍርድ ቤት ተረታ። ይኸው ጎሳ በ2007 ሃርድ ሮክ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሆቴልና የምግብ ቤት ድርጅት በ965 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛ።

ወሳኙ ፍርድ የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። በፓልም ስፕሪንግስ አካባቢ የሚኖሩት ካባዞኖች በዚያን ጊዜ ቁጥራቸው 25 ያህል ብቻ ነበር። ቢንጎና ካርታ ሲያጫውቱ ካሊፎርኒያ ሕግ ተላልፋችኋል አለቻቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 በስድስት ድምፅ ለሦስት የሰጠው መልስ ቀላል ነበር፦ ካሊፎርኒያ ራስዋ ሎተሪ እየሸጠች፣ ቢንጎ እየፈቀደች ቁማርን ከለከልኩ ልትል አትችልም፤ የምታደርገው መቆጣጠር ነው፣ የመቆጣጠር ሥልጣንዋ ደግሞ ጎሳው መሬት ላይ ያበቃል። ግዛቶቹ ደነገጡ። ኮንግረስም በዓመቱ፣ በጥቅምት 1988፣ የጎሳዎችን የቁማር ሥራ የሚገዛ ሕግ አወጣ። ብዙዎች ይህን ሕግ እንደ ስጦታ ያዩታል። በእኔ አስተያየት ሕጉ ልጓም ነው፤ ፍርድ ቤት ያረጋገጠላቸውን መብት ከግዛቶቹ ጋር ሳይደራደሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይጠቀሙበት አደረገ።

ሕጉ ጨዋታዎችን በሦስት መደብ ይከፍላል። አንደኛው መደብ በዓልና ሥነ ሥርዓት ላይ የሚካሄዱ ባህላዊ ጨዋታዎች ናቸው፤ ማንም አይነካቸውም። ሁለተኛው ቢንጎና የመሳሰሉት ሲሆኑ ጎሳው ራሱ ከፌዴራሉ መንግሥት የቁማር ኮሚሽን ጋር ይቆጣጠራቸዋል። ሦስተኛው መደብ ሩሌት (ኳስ የሚንከባለልበት ባለ ቁጥር መንኮራኩር)፣ ብላክጃክ የተባለው የካርታ ጨዋታና የተለመዱት የቁማር ማሽኖች ናቸው፤ ለእነዚህ ጎሳው ከግዛቱ ጋር ስምምነት መፈረም አለበት። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ድንበር ግን አስቂኝ ነገር ወልዷል። ኦክላሆማ ውስጥ አንዳንድ ማሽኖች ፊት የተቀመጠ ሰው የስክሪኑን ጥግ ልብ ብሎ ቢያይ ጥፍር የምታህል የቢንጎ ካርድ ያገኛል። ቁልፉን ሲጫን ቼሪውና ደወሉ እየተሽከረከሩ ቢያጓጉትም ውጤቱን የሚወስነው ያች ካርድ ናት። ማሽኑ በዚያች ቅጽበት ከሌሎች ማሽኖች ጋር ተያይዞ ቢንጎ ተጫውቷል፤ የሚሽከረከረው ሥዕል ለዓይን ነው። በሕግ ፊት ይህ ሁለተኛ መደብ ስለሆነ ለግዛቱ ድርሻ አይከፈልበትም። ከሦስተኛው መደብ ግን ኦክላሆማ እንደ ጨዋታው ዓይነት ከ4 እስከ 10 በመቶ ትወስዳለች። ኮኔቲከት ደግሞ ሌላ ካዚኖ ላለመፍቀድ ቃል ገብታ ከማሽኖቹ ገቢ 25 በመቶ ስትቀበል ኖራለች። ስለዚህ አይከፍሉም የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

የቀረው ገንዘብስ የት ይሄዳል? በኢትዮጵያ የብሔራዊ ሎተሪ ትርፍ የመንግሥት እንደሆነ ሁሉ የጎሳ ካዚኖ ትርፍም የጎሳው መንግሥት ገቢ ነው። ሕጉ ገንዘቡ ለአስተዳደር፣ ለሕዝቡ ደኅንነት፣ ለኢኮኖሚ ልማት፣ ለበጎ አድራጎትና ለአጎራባች አስተዳደሮች ድጋፍ ብቻ እንዲውል ያዛል። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን ቤት፣ ፖሊስና የውኃ መስመር የሚሠሩት በዚህ ገንዘብ ነው። ለአባላት በነፍስ ወከፍ ማከፋፈል የሚቻለው የአገር ውስጥ ሚኒስቴሩ ዕቅዱን ካጸደቀ ብቻ ነው፤ ተቀባዩም እንደ ማንኛውም ገቢ የፌዴራል ግብር ይከፍልበታል።

የነፍስ ወከፍ ክፍያ ሰነፍ ያደርጋል የሚለውን ክርክር ያናጋ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች በ1993 በሰሜን ካሮላይና ተራራማ ገጠር 1,420 ሕፃናትን መከታተል ጀመሩ፤ ከእነርሱ ሩብ ያህሉ የምሥራቅ ቸሮኪ ልጆች ነበሩ። ጥናቱ ስለ ልጆች የአእምሮ ጤና እንጂ ስለ ቁማር አልነበረም። በመሐል ጎሳው ካዚኖ ከፈተና ለአባላቱ በየስድስት ወሩ ማከፋፈል ጀመረ። በ2003 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ቤተሰቦቻቸው ከድህነት የወጡላቸው ልጆች የጠባይ ችግራቸው ቀንሶ ድሆች ካልነበሩት ልጆች ጋር ተስተካከለ። ጭንቀትና ድብርት ግን እምብዛም አልተለወጡም። በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከድሃዎቹ ቤቶች የወጡት ልጆች በ21 ዓመታቸው አንድ ዓመት ያህል ተጨማሪ ትምህርት እንዳገኙ አሳየ። ክፍያው በዚያን ጊዜ ለአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 4,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ የሚያንቀባርር ገንዘብ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ዕድል ገባ፤ የተጫዋቹ ሳይሆን የባለቤቱ ዕድል። ጥቂት ትልልቅ ካዚኖዎች ከጠቅላላው ገቢ ከግማሽ በላይ ይወስዳሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከትልቅ ከተማ ያለው ርቀት ነው። ከሚኒያፖሊስ አጠገብ ያሉት የሻኮፒ ዳኮታዎች ጥቂት መቶዎች ሆነው ሚስቲክ ሌክ የተባለውን ግዙፍ ካዚኖ ይዘዋል። በደቡብ ዳኮታ፣ ፓይን ሪጅ ላይ ያሉት ኦግላላ ላኮታዎችም ካዚኖ አላቸው፤ ነገር ግን ሜዳው ሰፊ፣ ከተማው ሩቅ ነው፤ ይዞታቸውም እስከ ዛሬ ከአገሪቱ እጅግ ድሃ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሁለቱም ሕዝቦች ቅድመ አያቶች ዘመዳሞች ናቸው። ካሊፎርኒያ ይህን ልዩነት ለማለዘብ ካዚኖ ለሌላቸው ወይም ጥቂት ማሽን ብቻ ላላቸው ጎሳዎች ለእያንዳንዳቸው በዓመት 1.1 ሚሊዮን ዶላር የሚያካፍል ፈንድ አቋቁማለች።

ቦታው ቢሰምርም ዕድል ጀርባዋን ልታዞር ትችላለች። የኮኔቲከት ፔኳቶች በ1637 በእንግሊዝ ሰፋሪዎች ተጨፍጭፈው ስማቸውን እንኳ እንዳይጠሩ በውል የተከለከሉ ሕዝብ ነበሩ። በ1970ዎቹ መሬታቸው ላይ የቀሩት ጥቂት አረጋውያን ነበሩ። በ1983 ዕውቅና አገኙ፤ በ1992 በአንድ የማሌዥያ ባለሀብት ገንዘብ ፎክስዉድስን ከፈቱ፤ ብዙ ሳይቆይም በዓለም ትልቁ ካዚኖ ተባለ። አባላቱ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ይከፈላቸው ጀመር። ከዚያ ሆቴል በሆቴል ላይ በብድር ተደረበ፤ የ2008ቱ ቀውስ መጣ፤ ጎሳው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ መክፈል አቃተው፤ የነፍስ ወከፉም ቆመ። ካዚኖው ዛሬም ክፍት ነው። የቁማር ቤት ባለቤትም በራሱ መንገድ ቁማርተኛ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ሁሉም ጎሳ ለዚህ አልቸኮለም። ናቫሆዎች በ1994ና በ1997 በሕዝበ ውሳኔ ካዚኖን ውድቅ አድርገዋል። በአፈ ታሪካቸው ሰዎችን ሳይቀር በቁማር እየረታ ባሪያ ያደረገ ታላቅ ቁማርተኛ አለ፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ያሳደገው ሕዝብ ቢያመነታ አያስገርምም። የተስማሙት በ2004 ነው፤ የመጀመሪያው ካዚኖአቸው በ2008 ጋለፕ አጠገብ ተከፈተ። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። በ2002 የወጣ አንድ የኢኮኖሚ ጥናት የጎሳ ካዚኖ በተከፈተባቸው አካባቢዎች ሥራ እንደጨመረ አሳይቶ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ግን በፍርድ ቤት የሚታወጅ የግል ኪሳራና አንዳንድ ወንጀሎች በ10 በመቶ ያህል ከፍ እንዳሉ አክሏል።

አሁን ወደ ተጫዋቹ ወንበር እንምጣ። ቤቱ የማንም ይሁን የማን ሒሳቡ አይለወጥም። የአሜሪካ ሩሌት 38 ጉድጓድ አለው፦ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ ሁለት አረንጓዴ። በየዙሩ 10 ዶላር ቀይ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው በ38 ዙር በአማካይ 18 ጊዜ ያሸንፋል፣ 20 ጊዜ ይሸነፋል። 380 ዶላር አንቀሳቅሶ 20 ዶላር ካዚኖው ዘንድ ይቀርበታል። ሁለቱ አረንጓዴ ጉድጓዶች የካዚኖው ደመወዝ ናቸው። በማሽኖቹ ዘንድ ሒሳቡ ተደብቋል እንጂ ያው ነው፤ ደግሞም በደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚጫወት ፈጥኖ ይበላል። ብዙ ሰዓት ያልከፈለ ማሽን ሊሰጥ ነው የሚል እምነት በየአዳራሹ አለ። ኮምፒውተሩ ግን ያለፈውን አያስታውስም፤ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር የሚወጣው አዲስ ዕጣ ነው።

ትልልቅ ድሎች እውነት ናቸው። በ2003 ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ የጎሳ ባልሆነው በኤክስካሊበር ካዚኖ፣ አንድ ወጣት 39.7 ሚሊዮን ዶላር አሸንፏል። ያ ገንዘብ ከየት መጣ ቢባል፣ በብዙ ካዚኖዎች የተያያዙ ማሽኖች ከእያንዳንዱ ጨዋታ ቆንጥረው ያጠራቀሙት የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው። የአሸናፊው ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የከፋዮቹ ፎቶግራፍ አይሰቀልም።

በሲያትል ዳርቻ ወደ መክልሹት፣ ከሚኒያፖሊስ ወደ ሚስቲክ ሌክ ለሚነዳ ወገን አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የጎሳ መንግሥት እንደ መንግሥትነቱ ያለፈቃዱ በግዛት ፍርድ ቤት አይከሰስም። በብዙ ማሽኖች ላይ ብልሽት ከተፈጠረ ክፍያውም ጨዋታውም ይሰረዛል የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሽልማቴን ተከለከልኩ የሚል ሰው አቤቱታውን በመጀመሪያ የሚያቀርበው ለጎሳው የቁማር ኮሚሽን፣ ቀጥሎም ብዙ ጊዜ ለጎሳው ፍርድ ቤት ነው። ጊዜ ገደቡ አጭር ሊሆን ስለሚችል ቅጹን ከቤቱ ሳይወጡ መጠየቅ ይበጃል። ቁማር የበረታበት ሰው ራሱን ለማሳገድ ሲፈልግም እንዲሁ ነው፤ ካዚኖዎቹ ስም መዝግበው ከበር ይመልሳሉ፤ ሆኖም ኦክላሆማ ውስጥ መዝገቡ የየጎሳው ነው። በቺካሶዎቹ ዊንስታር ስሙን ያስመዘገበ ሰው ብዙም በማይርቀው ዱራንት ባለው የቾክታዎች ካዚኖ ለየብቻ መመዝገብ ይኖርበታል።