ስመ ሀብት ዝውውር ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ ጎረቤታችን ቪትዝ መኪናቸውን የሸጡት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደላላው ዋጋ አስማማ፤ ገንዘቡ በባንክ ገባ፤ ሁለት ምስክሮች ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ ቁልፍና ሊብሬ (የመኪናዋ ደብተር) ተሰጠ። በሰኞው ለገዢው ውክልና ተጻፈለትና ጉዳዩ አለቀ ተባለ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ መጥሪያ መጣላቸው። መኪናዋ አዳማ መስመር ላይ ሰው ገጭታለች፤ የተጎጂው ቤተሰብም ካሳ የጠየቀው እሳቸውን ነው። «እኔ እኮ ሸጫታለሁ!» አሉ። መዝገቡ ግን አልሸጡም ይላል።

ያ መዝገብ የያዘውን ስም ከሻጭ ወደ ገዢ የማዛወር ሥራ ነው ስመ ሀብት ዝውውር የሚባለው።

ሶፋ ወይም ስልክ ሲሸጥ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። መኪናና ሞተር ሳይክል ግን እንደ ቤት መዝገብ አላቸው። የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ከአንድ ሰው ስም ጋር ተያይዘው በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ ተቀምጠዋል። ሊብሬ የምንላት ደብተር በፋይሉ ያለውን ታሳያለች እንጂ ራሷ ፋይሉ አይደለችም። «ሊብሬውን ሰጥቼዋለሁ» የሚለው መልስ የማያድነው ለዚህ ነው። ደብተሯ ገዢው ኪስ ውስጥ ብትሆንም በውስጧ የተጻፈው የሻጩ ስም ነው።

የስሙን ክብደት ለማየት የፍትሐ ብሔር ሕጉን መግለጥ ይበቃል። በ1952 የወጣው ይህ ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ አጠፋ ወይስ አላጠፋም የሚለው አይጠየቅም። የወንጀሉ ተጠያቂ መሪውን የያዘው ሰው ነው፤ የካሳው ጥያቄ ግን የባለቤቱን በር ያንኳኳል። ከጥቂቶቹ መውጫዎች አንዱ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው። በገዛ እጁ ቁልፍ ያስረከበ ሰው ደግሞ ተሰረቅሁ ሊል አይችልም። ጎረቤታችን አሁን የያዙት ክርክር የመኪናዋ ባለቤት እኔ አይደለሁም የሚል ነው፤ ስማቸው በመዝገብ ላይ እያለ ይህን የማስረዳቱ ሸክም የወደቀው በእሳቸው ጫንቃ ላይ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን በውክልና ይሸጣል? ስም ሲዛወር ቀረጥና ክፍያ አለ፤ ሰልፍ አለ፤ ደላላው ደግሞ መኪናውን በሻጩ ስም እንዳለ ለሦስተኛ ሰው መልሶ መሸጥ ይፈልጋል። እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ውክልና ማለት «በእኔ ስም ሥራልኝ» ማለት ነው፤ ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀርም ሲሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል። ያን ጊዜ ገዢው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይገናኛል። ሻጭን ለካሳ፣ ገዢን ለወራሾች የሚያጋልጥ ወረቀት ማንን ይጠቅማል?

ትክክለኛው መንገድ የሚጀምረው ፋይሉ ካለበት ጽሕፈት ቤት ነው። መኪናው እገዳ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት እንደሌለበት ይጣራል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ መብቱ ለሌለው ሰው ከመተላለፉ በፊት ቀረጡ መከፈል አለበት። ከዚያ ሻጭና ገዢ መታወቂያቸውንና ዋናውን ሊብሬ ይዘው ብዙዎቻችን ዛሬም ውልና ማስረጃ ወደምንለው የሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳሉ፤ ውሉንም በዚያ ይፈራረማሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነገር አለ፤ ትዳር። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ዛሬ 500 ብር ጎማ እንኳ አይገዛም፤ ስለዚህ የጋራ የሆነ መኪና ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ሊብሬው ላይ የባል ስም ብቻ መኖሩ ሚስትን ከባለቤትነት አያወጣትም። ባለትዳሩ ከትዳር ጓደኛው ጋር፣ ያላገባው ያላገባ ለመሆኑ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ።

የተረጋገጠው ውል ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ተመልሶ፣ ክፍያው ተከፍሎ፣ ሊብሬው በገዢው ስም ሲወጣ ዝውውሩ ተፈጸመ ይባላል። የሦስተኛ ወገን መድንም (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው ዋስትና) በአዲሱ ባለቤት ስም ይሆናል፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለዚህ መድን መንገድ ላይ መውጣትን ይከለክላል።

እኛ ጋ፣ ከተማው በሚያልቅበት ዳር፣ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ሻጩ ቱሉ ዲምቱ፣ ገዢው መንገዱን ተሻግሮ ገላን ሊሆን ይችላል። በእግር የሚደረስበት ርቀት ነው፤ በአስተዳደር ግን አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኦሮሚያ ነው። ገዢው መኪናውን በራሱ አካባቢ ማስመዝገብ ከፈለገ ፋይሉም ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፍ አለበት፤ ይህም ቀናት ይወስዳል። «ፋይሉ እስኪመጣ ልንዳው» የሚል ገዢ እዚህ ላይ ይመጣል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን እምቢ ማለት ተገቢ ነው።

እምቢ ማለት ያልቻለ ሻጭ ቢያንስ የርክክብ ወረቀት ያስፈርም። የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥሩ፣ የገዢው የመታወቂያ ቁጥርና አድራሻው፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑርበት። ቀኑ ብቻ አይበቃም፤ ቁልፉ የተሰጠበት ሰዓትም ይጻፍ። በአንድ ቀን ውስጥ መኪናው ጠዋት በሻጩ፣ ከሰዓት በገዢው እጅ ሊሆን ይችላልና። የጎረቤታችን ወረቀት ሁለት ምስክሮች ነበሩበት፤ ሰዓትም፣ የገዢው አድራሻም ግን አልተጻፈበትም፤ ሰውየውን እስከ ዛሬ ያፈላልጉታል።