«አገሬው ሁሌም ያሸንፋል»፣ የጠላ ቤት የጦርነት ትንተና ሲፈተሽ

ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያ መልስ ጠላ ቤት ቁጭ ብለናል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የሆነ አገር ታንክ ያሳያል። ድምፁ ጠፍቷል። ማንም ይከፈት አላለም፤ ተንታኝ ሞልቶ። «ፈረንጅ አገር ይዞ አያውቅም፣ ዞሮ ዞሮ ይወጣል» አለ አንዱ። «እኛ አሳይተነዋል» አለ ሌላው። ሶማሊያ ዘምተው የተመለሱ አንድ ጋሼ ብቻ ጣሳቸውን ይዘው ዝም አሉ።

ከውጭ የመጣ ጥምር ጦር የአገሬውን ሽምቅ ተዋጊ ጊዜ ወስዶ ሊያሸንፍ ይችላል ወይ? የዚያን ቀን የሰማኋቸውን መልሶች አንድ በአንድ ላንሳ። የእኛን ታሪክ በእኛ፣ የሌላውን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

«የውጭ ጦር መጨረሻው ሽንፈት ነው»

ቢሆን ደስ ባለን። ግን ሊቢያን እንይ። እሷን የመረጥኩት እዚያም እኛም ጋ የመጣው ሰውዬ አንድ ስለሆነ ነው፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ።

በምሥራቅ ሊቢያ ዑመር አል ሙክታር የሚባሉ የቁርአን መምህር የሚመሩት አመፅ ጣሊያንን ለዓመታት እንቅልፍ ነስቷል። ግራዚያኒ በ1930 ሲሾም ተዋጊውን እያሳደደ ጎን ለጎን ሕዝቡን ለቀመው። 100,000 ያህል ሰው ከነከብቱ ከጀበል አኽዳር ተነቅሎ በረሃ ላይ በሽቦ ታጠረ። ከዚያ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠረው አለቀ። በግብጽ ድንበር ደግሞ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሽቦ አጥር ተዘረጋ። ስንቅ የሚያቀብል ጠፋ፣ መሸሻም ጠፋ። ሽማግሌው ተይዘው መስከረም 1931 ላይ ተሰቀሉ። አመፁም ብዙ ሳይቆይ ከሰመ።

ያው ሰውዬ ነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ላይ እንደራሴ ሆኖ የተቀመጠው። የካቲት 12 ቀን 1929ን እና ደብረ ሊባኖስን ላስታውስ አያስፈልገኝም። ጭካኔው እዚህም ያው ነበር፤ ግን አልሠራለትም። እኛ ከሊቢያውያን ይልቅ ጀግና ስለሆንን ነው ማለት ይቀናናል። ለእነዚያ ሰዎች ግፍ ነው። እዚያ ሕዝቡ ጥቂት ነው፤ ዙሪያው በረሃ ነው፤ ስለዚህ ሊታጠር ቻለ። ጎጃምን ማን ያጥራል? ገበሬው በየተረተሩ ተበትኖ ይኖራል፤ ወደ ሱዳን የሚያወጣው ቆላ ክፍት ነው።

እንግሊዝም ማላያ (የዛሬዋ ማሌዢያ) ላይ ከ1948 እስከ 1960 ተዋግታ አሸንፋለች። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው አዲስ መንደር ውስጥ አስገብታ፣ በ1957 ደግሞ ነፃነቱን ሰጥታ። ተዋጊዎቹ በብዛት ከቻይና ተወላጆች ስለነበሩ የቀረውን ሕዝብ ሊያስከትሉ አልቻሉም።

«ጎጃምን ነፃ ያወጣው አርበኛው ብቻ ነው»

ተቃራኒውም አለ፤ «እንግሊዝ ባይመጣ ኖሮ…» የሚለው። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል።

በልጅነቴ ከብት የምንጠብቅበት ኮረብታ ላይ የጣሊያን ምሽግ ፍርስራሽ ነበር። ድንጋዩን ሰው ለአጥር እየወሰደው እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ቀርቷል። እዚያ ቆመህ ስታይ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። መንደሮቹ ግን አይታዩም፤ ከባሕር ዛፉና ከሸንተረሩ ጀርባ ናቸው። ያኔ አልገባኝም። አሁን ሳስበው የአምስቱ ዓመት ጎጃም እዚያች ፍርስራሽ ላይ ይታየኛል። ጣሊያን ከተማውንና መንገዱን ይዟል፤ ገጠሩ የሌላ ነው። አያቴ «ቀን ለጣሊያን እንቁላል ይሸጣል፣ ማታ ለአርበኛ ስንቅ ይጋገራል፤ ምጣዱ አንድ ነው» ትል ነበር።

ደግሞ አንርሳ፤ ጎጃም በ1928 ብዙም ሳይታኮስ ነው የተያዘው። ሰፊው አመፅ የመጣው ጣሊያን ጠመንጃ ማስፈታት ከጀመረ ወዲህ ነው። ገበሬን ምንሽሩን አምጣ ማለት ሚስትህን አምጣ ከማለት አይተናነስም። በላይ ዘለቀ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ እያንዳንዱ በየአካባቢው ተነሣ። ጣሊያንን ከምሽጉ አላስወጣ አሉት። ግን ምሽጉንም መስበር ከባድ ነበር፤ መድፍ የለማ። እርስ በርስም አይስማሙም ነበር።

እንዲህ ተፋጥጠው እያሉ ሰኔ 1932 ላይ ጣሊያን እንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። የስዌዝ መንገድ ተዘጋባት፤ ነዳጅ የለ፣ መለዋወጫ የለ፣ ተተኪ ወታደር የለ። ነሐሴ ላይ ሳንድፎርድ የሚባለው እንግሊዛዊ ኮሎኔል ጥቂት ሰው ይዞ ጎጃም ገባ። ከሥራዎቹ አንዱ መንገሻንና ነጋሽን ማስታረቅ ነበር። ለእኔ ይህ ከጠመንጃው ያላነሰ ዕርዳታ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሡ በኦሜድላ ገቡ። እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚያዘው የጌዴዎን ጦር፣ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ያሉበት፣ ከ2,000 ብዙም አይበልጥም ነበር። በሺህ የሚቆጠር ግመል ይዞ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ግመሉ በብርድና በዳገት መንገድ ላይ አለቀ። ከቡሬ ጀምሮ በደምበጫ አልፎ፣ በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። ጣሊያን በቁጥር ብዙ እጥፍ ነበር፤ ግን ዙሪያው ያለው ሁሉ ጠላት መሰለው። አብዛኛው ጠላት ነበርም።

አብዛኛው ያልኩት በምክንያት ነው። ጎጃም ውስጥ «የጣሊያን ጦር» ከሚባለው ብዙው አስካሪ፣ ማለትም ከቅኝ ግዛቱ የተመለመለ ወታደር፣ እና የአገሬው ባንዳ ነበር። የቀድሞው የጎጃም ገዢ ራስ ኃይሉ ራሳቸው ከጣሊያን ጋር ነበሩ። በላይ ዘለቀ ደግሞ በ1937 የተሰቀለው በጣሊያን አይደለም። «አገሬው ተነሣ» የምንለው ነገር ውስጡ ሲታይ አክስትና አጎት የተለያየበት ነው።

«ብዙ አገር ከተባበረ ይበረታል»

አፍጋኒስታን ላይ 50 ያህል አገሮች ተባብረው ነበር። ወታደሩ ከ130,000 በላይ የደረሰበት ጊዜ አለ። ግን ጥምር ጦር ደቦ ነው። ደቦ የወጣ ሰው ጠንክሮ ያርስልሃል፤ ሲመሽ ግን ወደ ቤቱ ነው፤ የራሱ ማሳ አለዋ። የሆላንድ መንግሥት በ2010 ወታደር ይቆይ አይቆይ በሚል ተጣልቶ ፈረሰ፤ ጦሩም በዚያው ዓመት ወጣ። ካናዳ በ2011 ከውጊያው ወጣች። አንዳንዱ ጦር ደግሞ የገዛ ፓርላማው ስለከለከለው ከተመደበበት አካባቢ ንቅንቅ አይልም ነበር።

«አሜሪካ ውጊያ ላይ ተሸንፋ ወጣች»

ሳይጎን ሚያዝያ 1975 ስትወድቅ የአሜሪካ ተዋጊ ጦር ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። በሩን ጥሶ የገባውም የሰሜን ቬትናም መደበኛ ጦር ነው፣ ከነታንኩ።

ካቡል ነሐሴ 2021 ላይ የወደቀችበት መንገድ ሌላ ነው። አሜሪካ በየካቲት 2020 ዶሃ ላይ ከታሊባን ጋር ስትፈራረም የካቡል መንግሥት ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ቆይቶ አውሮፕላኑን የሚጠግኑት የውጭ ባለሙያዎች ወጡ። ደመወዙ ያልደረሰው ወታደር ጠመንጃውን እያስረከበ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ያው ነው የማደርገው።

ከዚያ በፊት ሶቪየት ከዚያው ከአፍጋኒስታን በ1989 ወጥታ ነበር። እሷ የምትደግፈው የናጂቡላህ መንግሥት በሳምንታት ይወድቃል ሲባል ከሦስት ዓመት በላይ ቆመ። የወደቀው በ1992 ነው፣ ሶቪየት ራሷ ፈርሳ ገንዘቡና ነዳጁ ከተቋረጠ በኋላ። እንግዲህ ጦርነቱን ከተኳሹ ይልቅ ደመወዝ ከፋዩ ይወስነዋል ማለት ይቻላል። ለጀግና ዘፈን የማይመች ነገር ነው።

«ተራራ ያለው አይሸነፍም»

ጮቄን እያዩ ላደጉ ይህን መንገር ከባድ ነው። ግን ጀበል አኽዳርም ተራራ ነው፤ ስሙም «አረንጓዴው ተራራ» ማለት ነው።

«የውጭ ጦር ማለት ፈረንጅ ነው»

ጋሼ ዝም ያሉት ለዚህ መሰለኝ። የኢትዮጵያ ጦር ታኅሣሥ 1999 ሶማሊያ ገብቶ ሞቃዲሾን በቀናት ያዘ። ጥር 2001 ወጣ። ጥር 2006 ላይ ከአፍሪካ ኅብረት ጦር ጋር ተቀላቀለ። ኡጋንዳ፣ ብሩንዲ፣ ኬንያ፣ ጂቡቲም ነበሩበት። አልሸባብ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2003 መጨረሻ፣ ሞቃዲሾን ለቆ ወጥቷል፤ ይህ ቀላል ድል አይደለም። የኅብረቱ ጦር ስሙ አሚሶም፣ አትሚስ፣ አውሶም እየተባለ ሲቀያየር፣ አልሸባብ ግን ዛሬም በዚያው ስሙ ገጠሩ ውስጥ አለ። እዚያ መንገዱን የያዝነው እኛ ነን።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«ባይደዋ ላይ ሻይ የምትሸጥልን ሴት ነበረች» አሉ። «ጎበዝ ናት፤ ከኛ ልጆች አማርኛም ለቃቅማ ነበር። ግብር የምትከፍለው ለሁለት ነው። ቀን ለመንግሥት፣ ማታ ለእነዚያ።»

«ታውቁ ነበር?»

«እንዴታ! ራሷ ናት የነገረችን» አሉና ጣሳቸውን ለቀጂዋ ዘረጉ። «ሻዩ ላይ የጨመረችበትን ምክንያት ስንጠይቃት።»