ድምፅ አልባዎቹ የሳይንስ ልብወለድ ፊልሞች

ፊልም ጨረቃ ላይ የወጣው ገና ጡት ሳይጥል ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ለከፋይ ተመልካች ተንቀሳቃሽ ምስል ያሳዩት በፈረንጆቹ 1895 መጨረሻ ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1902፣ ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜልየስ «ጉዞ ወደ ጨረቃ»ን ሠራ። ርዝመቱ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ዛሬም ግን ተፈልጎ ይታያል።

በውስጡ ሳይንስ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጠበብቱ ሹል ቆብ አድርገው ይከራከራሉ፣ በመድፍ ይተኮሳሉ፣ የጨረቃ ዓይን ላይ ይሰካሉ። ሲመለሱም መንኮራኩራቸው ከጨረቃ ገደል ጫፍ ተጎትታ ትወድቅና ባሕር ውስጥ ትገባለች። በቃ፣ ጉዞው አለቀ! እንደ ትንቢት ካየነው ያስቃል። ጣዕሙ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

ሜልየስ መጀመሪያ ምትሃተኛ ነበር፤ ፓሪስ ውስጥ የራሱ የምትሃት ቲያትር ነበረው። ፓሪስ አጠገብ ሞንትሬይ ላይ ያሠራው ስቱዲዮ በመስታወት የተሸፈነ ነው፤ ዋናው መብራቱ ፀሐይ ነበረችና። ከዘዴዎቹ አንዱን ልብ ብላችሁ እዩት። ተጓዡ የጨረቃውን ፍጡር በጃንጥላ ይመታዋል፣ ፍጡሩም ቡን ብሎ ጭስ ይሆናል። ሲቀረጽ ካሜራው ይቆማል፤ የቀሩት ተዋንያን እንዳሉ ደርቀው ይጠብቃሉ፤ ፍጡሩን የሚጫወተው ሰው ይወጣል፤ በቦታው ጭስ ይለኮሳል፤ ካሜራው ይቀጥላል። ከዚያ መጋጠሚያው በመቀስ ይስተካከላል። ዛሬ በኮምፒውተር የተሠራን ፍንዳታ ስናይ ማን እንደሠራው እንኳ አናስብም። እዚህ ግን ደጋግሞ ያየ ሰው የሰውዬውን እጅ ያገኘዋል፤ ካገኘው በኋላም መደነቁ አይቀርም።

ቀለሙም የእጅ ሥራ ነው። ከቅጂዎቹ አንዳንዶቹን የማዳም ቱይዬ የቀለም መቀቢያ ቤት ሴቶች በትንንሽ ብሩሽ ምስል በምስል ቀብተዋል። አንድ ባለቀለም ቅጂ በ1993 ባርሴሎና ተገኘ፤ ግን ተጣብቆ ደርቆ ነበር። ተጠግኖ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየው በ2011 ነው። ሜልየስ ራሱ ይህን አላየም። ፊልሙን አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ እየገለበጡ ብዙ ነገዱበት። በ1923 ኪሳራና ብስጭት ተደራርበውበት የፊልሞቹን ኔጋቲቮች፣ ማለትም ቅጂ የሚወጣባቸውን ዋና ጥቅሎች፣ አቃጠለ፤ ኋላም ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ አሻንጉሊት ይሸጥ ነበር።

ዴንማርክም በ1918 በፊልም ሰዎችን ወደ ማርስ ልካለች፤ ሶቪየቶችም በ1924 ተከትለዋል። ሥራውን በትልቁ የያዘው ግን ጀርመናዊው ስቱዲዮ ኡፋ ነው። የዳይሬክተሩ የፍሪትዝ ላንግ «ሴት በጨረቃ ላይ» በ1929 ሲሠራ አማካሪው የሮኬት ተመራማሪው ሄርማን ኦበርት ነበር። ሮኬት ከመተኮስ በፊት ወደ ኋላ መቁጠርን ያስለመደው ይህ ፊልም ነው ይባላል። በ1942 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የተተኮሰው የጀርመን ጦር ሮኬት የፊልሙ ምስል ተስሎበት ነበር። ደስ የማይል ዝና ነው።

በ1927 የወጣው የላንግ «ሜትሮፖሊስ» ደግሞ ገበያው ላይ ከሰረ። አከፋፋዮች ቆራርጠው አሳጠሩት። የተቆረጠው ጠፍቶ ቀረ ሲባል በ2008 ቦነስ አይረስ የሲኒማ ሙዚየም ውስጥ ሙሉ ለማለት ምንም ያህል ያልቀረው ቅጂ ተገኘ። ያ ቅጂ ወደ ጠባቡ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተገለበጠ ነው፤ ከነጭረቱ። ጭረቱን ጨርሶ ማጥፋት አልተቻለም። ስለዚህ በ2010 የወጣውን እትም ስታዩ፣ ምስሉ ድንገት ዝናብ የዘነበበት መስሎ ሲሸነታተር፣ ያ ቁራጭ ከአርጀንቲና የመጣው ነው።