ሜጋ ተጨምሮም ኳሱ ለምን ይቆማል? ፕሌይስቴሽንን ከቤት ኢንተርኔት ስለማገናኘት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልደታ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ ሕንፃችን ሞደም ያመመው ሰው ሁሉ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የአንዱን ጎረቤት አስተካክዬ ስለተገኘሁ ብቻ ነው። በቅርቡ ከእኔ ሁለት በር አልፈው የሚኖሩ እናት መጡ። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱን ከ10 ሜጋ ወደ 25 አሳድጌ በየወሩ እከፍላለሁ። ልጁ ግን ዛሬም ‹ኳሱ ቆመብኝ› እያለ ቤቱን ያናውጠዋል። ምን ይሻላል?» አሉኝ። «እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ሞደሙን ያሳዩኝ» ብዬ ተከተልኳቸው። በዚያ ቤትና ከዚያ በፊት በገባሁባቸው ቤቶች ደጋግሜ የሰማኋቸው እምነቶች እነዚህ ናቸው።

«ሜጋ ከጨመርን ጨዋታው አይቆምም»

በየወሩ ስለሚከፈልበት ከሁሉም ውድ የሆነው ስህተት ይህ ነው። ሜጋ የሚባለው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ማለፍ የሚችለው የመረጃ መጠን ነው። ጨዋታ ለማውረድ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ 50 ጊጋባይት የሚሆን ጨዋታ በ10 ሜጋ 11 ሰዓት ያህል ሲፈጅ በ25 ሜጋ አራት ሰዓት ተኩል አይሞላም። (ሜጋቢትና ሜጋባይት አንድ አይደሉም፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 10 ሜጋ የገዛ ሰው ማያው ላይ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ሲያይ «ተዘረፍኩ» የሚለው ይህን ባለማወቁ ነው።) ጨዋታው ከወረደ በኋላ ግን በመስመሩ የሚመላለሰው ጥቂት ነው፤ ማን የት እንደቆመና የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ የሚናገሩ ትንንሽ መልእክቶች ናቸው። ለዚህ ሁለት ሦስት ሜጋ ይበቃል። ወሳኙ መልእክቱ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ተጫዋቾች ፒንግ ይሉታል፤ የሚለካውም በሚሊ ሰከንድ ነው።

ርቀቱ የሚያመጣውን ፒንግ ደግሞ ብር አይቀንሰውም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር ከ5 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰርቨሩ (ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) እዚያ ቢሆን፣ ገመዱም እንደ ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊ ሰከንድ አያንስም። እውነተኛው መንገድ ግን ይጠማዘዛል፤ የባሕር በር ስለሌለን መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ሥር ገመድ መድረስ አለበት፤ በየመገናኛ ጣቢያውም ትንሽ ይቆያል። ስለዚህ ማያው ላይ 100 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ማየት የብልሽት ምልክት አይደለም። ጨዋታው ሰርቨር የሚያስመርጥ ከሆነ አንድ በአንድ ሞክሮ ዝቅተኛ ፒንግ የሚያሳየውን መያዝ ይሻላል።

ርቀት የሚያመጣው መዘግየት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ወጥ ነው፤ እጅም ይለምደዋል። ኳሱ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ቀጥ የሚል ከሆነ ጥፋቱን መጀመሪያ ከቤት ውስጥ መፈለግ ይበጃል።

«ማንም ምንም አያወርድም፤ ታዲያ መስመሩን ማን ያዘው?»

እናትየውም ይህንኑ ነበር የጠየቁኝ። ልክ ናቸው፤ የሚያወርድ ሰው አልነበረም። ትልቋ ልጃቸው ግን በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጣ የዘመድ ሠርግ ቪዲዮ በቴሌግራም ትልክ ነበር። በብዙ ቤቶች የመላኪያው አቅም ከማውረጃው ያንሳል፤ አንድ ረጅም ቪዲዮ ሲሞላው ሞደሙ መልእክቶችን ያሰልፋል። የልጁ «ኳሷን ምታ» የሚለው ትእዛዝ ከሙሽራዋ ጀርባ ወረፋ ይይዛል ማለት ነው። ፒንጉን እያየን ቪዲዮውን ለጊዜው እንድታቆመው ለመንናት። ከ600 በላይ የነበረው ቁጥር ወደ 130 ወረደ። እናትየው በልጃቸው ላይ ሲጮኹበት የቆዩትን ሁሉ ወደ እርሷ አዞሩት፤ እኔም አቀርቅሬ ወደ ሞደሙ ተመለስኩ።

ተመሳሳይ ሥራ በስውር የሚሠሩ ስልኮችም አሉ። ማታ ማታ ፎቶዎችን ወደ ደመና ማከማቻ የሚሰቅለው ቅንብር አንዱ ነው። አንዳንድ ሞደሞች ለአንድ መሣሪያ ቅድሚያ የሚሰጥ ቅንብር አላቸው፤ ካለ ለኮንሶሉ (ለፕሌይስቴሽኑ) መስጠት ነው፤ ከሌለ መላኩን ወደ ሌላ ሰዓት ማዛወር ነው።

«ስልኬ የሚያየውን ዋይፋይ ፕሌይስቴሽኑ ካላየው ተቃጥሏል»

አንድ ወጣት ጎረቤቴ በዚህ ምክንያት ኮንሶሉን ለጠጋኝ ሰጥቶ፣ ተፈትቶና ተገጥሞ፣ ገንዘብም ከፍሎ እንደነበረ ተመልሶለታል። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው (2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የሚሰራጭባቸው የሬዲዮ ሞገዶች ናቸው)። ሞደሙ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እንዲያሰራጭ ከተደረገ ስልኩ ያየዋል፣ እርሱ ግን አያየውም። በ2016 የወጡት የፕሌይስቴሽን 4 ስሊምና ፕሮ፣ በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5ም ሁለቱንም ያያሉ። መድኃኒቱ ከሞደሙ ቅንብር ውስጥ 2.4ን መልሶ መክፈት ነው።

2.4 ግን የራሱ ጣጣ አለው። እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች (የሞገዱ ክፍልፋዮች) ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። እኛ ሕንፃ ላይ ስልኬን ስከፍት ሃያ ያህል የጎረቤት ዋይፋይ ይዘረዘርልኛል፤ ሁሉም በእነዚህ ሦስት ላይ ተጨናንቋል። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ነው፤ ግድግዳ ግን ይፈራል። ሞደሙ ሳሎን፣ ኮንሶሉ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ መኝታ ቤት ከሆነ የምሥራቹ ገመድ ነው።

ገመድ ስል ደግሞ «ረጅም ገመድ ኢንተርኔቱን ያደክመዋል» የሚል ይነሣል። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ እንዲሠራ የተበጀ ነው፤ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት 15 ሜትር ምንም አይደለም። ከመርካቶ በሜትር ቆርጠው ሲገዙ ግን ጫፉን የሚገጥምልዎ ሰው ስምንቱንም ሽቦ መግጠሙን ይመልከቱ። በአራቱ ብቻም ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን ከ100 ሜጋ አያልፍም። ለ25 ሜጋ ቤት ያም ቢሆን ይተርፋል። የስልክ ገመድ ግን አይተካውም፤ ጫፉ ጠባብ ነው።

«‹ናት ታይፕ 3› ካለ ፖርት መክፈት ነው»

ናት ታይፕ 3 ኮንሶሉ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር በቀጥታ ለመገናኘት እንደተቸገረ የሚናገር ምልክት ነው፤ ፖርት ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ መልእክት ሞደሙ ላይ የሚከፈት በር ነው። አባባሉ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ድካም ብቻ ነው። ከሞደሙ በኋላ ሌላ ራውተር (ኢንተርኔቱን ለመሣሪያዎች የሚያከፋፍል ዕቃ) የቀጠለ ቤት ኮንሶሉን ከሁለት በር ጀርባ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛውን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» ወደሚለው ቅንብር መቀየር ብቻውን ሊፈታው ይችላል። ሁለተኛ ራውተር ከሌለ ሞደሙ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ (አይፒ የሚባለውን ቁጥር) ይዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ወይም በ«10.» የሚጀምር ከሆነ አንዱን የውጭ አድራሻ ከሌሎች ደንበኞች ጋር ይጋራሉ ማለት ነው፤ ቤትዎ ውስጥ የሚከፍቱት ፖርት ውጭ ያለውን በር አይከፍትም። ያለው አማራጭ አገልግሎት ሰጪውን የራስ አድራሻ መጠየቅ ነው። ብዙዎቹ ጨዋታዎች ግን በሰርቨር በኩል ስለሚያገናኙ ያለዚህም ይሠራሉ፤ የሚቸገሩት በአብዛኛው የድምፅ ንግግርና ተጫዋቾች በቀጥታ እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ጨዋታዎች ናቸው።

«ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 አድርገው፣ ይፈጥናል» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ዲኤንኤስ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር መዝገብ ነው። አድራሻው ከተገኘ በኋላ በጨዋታው መንገድ ላይ ድርሻ የለውም።

«እምቢ ሲል በመርፌ ሬሴት አድርገው»

እባካችሁን። ከሞደሙ ጀርባ ያለችው ቀዳዳ ማጥፊያና ማብሪያ አይደለችም፤ ለረጅም ጊዜ ከተጫነች ሁሉንም ቅንብር ትሰርዛለች፤ አገልግሎት ሰጪው ያስገባው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አብሮ ሊሄድ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሞደሙ ተነሥቶ መስመሩን እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ኮንሶሉ ግን ከእርሱ ቀድሞ ይነሣና «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ያን ጊዜ መርፌ ሳይሆን ሻይ መያዝ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን መርፌውን መረጠ፤ የመግቢያ ስሙን የጻፈበትን ወረቀት እስኪያገኝ ድረስ ሦስት ቀን ሙሉ የእኔን ዋይፋይ ተጠቀመ። የእኔ ፒንግ በእነዚያ ሦስት ቀናት ምን ይመስል እንደነበር አልነግራችሁም።