የጋሼን ራዲዮ ያቃጠለው ምክር

«ሰካው እስቲ፣ ይሠራ እንደሆነ እንየው።» የድሮ የቫልቭ ራዲዮ (በትራንዚስተር ፋንታ አምፖል መሰል የመስታወት ቱቦ ያለው) ከቡፌ ላይ በወረደ ቁጥር ይህን የሚል አይጠፋም። እኔም ጅማ ሄርማታ፣ አጎቴ ቤት ብያለሁ። ጋሼም «ሃያ ዓመት ሰው አልነካውም፣ አዲስ ነው እኮ» ብለው አደፋፈሩኝ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ጭሱ።

ለእንዲህ ዓይነት ራዲዮ ዝም ብሎ መቀመጥ ራሱ ጉዳት ነው። ኮረንቲውን የሚያጣሩት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ውስጥ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አለ። ለዓመታት ኮረንቲ ካላገኘ ይበላሻል። ፈሳሹም ይደርቃል። በድንገት 300 ቮልት ገደማ ሲለቀቅበት ካፓሲተሩ ኮረንቲ ያሾልካል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ትራንስፎርመሩ ነው። የጅማ ዝናብም አያግዝም፤ የወረቀት ካፓሲተሮች እርጥበት ይስባሉ። ካፓሲተር ይተካል። የዚያ ዘመን ትራንስፎርመር ግን ሽቦውን እንደ አዲስ ካላስጠቀለሉት ከየት ይመጣል?

ስለዚህ አሮጌዎቹን ካፓሲተሮች ቀይሩ። ጀርባው ላይ የቮልት መምረጫ ካለ 220 ላይ መሆኑን እዩ። ከዚያ ራዲዮውን ከ60 ዋት አምፖል ጋር በተከታታይ (ኮረንቲው በአምፖሉ አልፎ ራዲዮው እንዲደርስ) አያይዛችሁ ሞክሩ። ባለ ክሩ የድሮ አምፖል ነው፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ደምቆ ከደበዘዘ ጥሩ። እንደደመቀ ከቀረ ሾርት አለ፣ ቶሎ ንቀሉት።

እንዲህ ዓይነት ሌሎች ምክሮችም አሉ። «ካፓሲተሩ በተለቀ ቁጥር ድምፁ ይጠራል።» ልክ አለው! ብዙ የአውሮፓ ራዲዮ ላይ የሚገኘው ኢዜድ 80 የሚባለው ሬክቲፋየር ቫልቭ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው)፣ ቀጥሎት ያለው ካፓሲተር ከ50 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) እንዲበልጥ አይፈቀድለትም። ከበለጠ ባበራችሁት ቁጥር ቫልቩ ከአቅሙ በላይ ይጠየቃል። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት ግን ከድሮው ከፍ ቢል ችግር የለም፤ አደጋው ዝቅ ሲል ነው።

«ሁምምም የሚለው ስፒከሩ ስላረጀ ነው።» አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ማጣሪያ ካፓሲተር ነው። ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን እዩ።

«ፊውዙ ከተቃጠለ ሽቦ ይበቃዋል።» ቤቱን ለማቃጠል ከሆነ፣ አዎ።

«ተነቅሏል፣ አይነዝርም።» ይነዝራል፣ ያውም ክፉኛ። ካፓሲተሮቹ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። በካቻቪቴ ሾርት የሚያደርጉ አሉ፤ አትልመዱት። በሬዚስተር አራግፉት፣ ከዚያ በቴስተር ለኩት። ትራንስፎርመር የሌላቸው ራዲዮዎች ይብሳሉ፤ እንደተሰኩ የውስጥ ብረታቸው ራሱ ኮረንቲ ሊይዝ ይችላል።

የጋሼ ራዲዮ ትራንስፎርመሩ ተጠቅልሎለት አሁን ይሠራል። ሊሰኩት ሲሉ ግን «አንተ ራቅ በል» ይሉኛል።