ኤሲአር 20 ምንድን ነው?

«ይህ መድኃኒት ሩማቶይድ አርትራይተስን 67 ከመቶ ይፈውሳል።» አዳሊሙማብ ስለተባለው መድኃኒት የተነገረውን ይህን አባባል ሰሞኑን በቪዲዮም በጽሑፍም ደጋግሜ አየሁት። በሽታው አንጓን (የአጥንት መገጣጠሚያን) የሚያሳብጥና የሚያሳምም ነው። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ቁጥሩ የወጣበትን ጥናት ይዞ «20 ከመቶ ብቻ ለሚያሻሽል መድኃኒት ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?» ይላል። ቁጥሮቹ ጥናቱ ውስጥ አሉ፤ ትርጉማቸውን ግን ሁለቱም ስተውታል። የሚጎዳው ደግሞ ይህን ሰምቶ መድኃኒት የሚጀምረው ወይም የሚያቋርጠው በሽተኛ ነው።

ኤሲአር 20 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ ያወጣው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ መለኪያ ነው። በሽተኛው «ተሻለው» ተብሎ እንዲመዘገብ ሲነኩት የሚያመው አንጓም ያበጠው አንጓም ቁጥራቸው ቢያንስ በ20 ከመቶ መቀነስ አለበት። በዚህ ላይ ሕመሙ፣ ስለ በሽታው የራሱ ግምት፣ የሐኪሙ ግምት፣ የዕለት ሥራውን የመሥራት አቅሙና በደም ምርመራ የሚታየው ብግነት ከተባሉት አምስቱ ቢያንስ ሦስቱ በዚያው ልክ መሻሻል አለባቸው። መልሱ አለፈ ወይም ወደቀ ነው።

67 የመጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ከታተመው አርማዳ ከተባለው ጥናት ነው። ሜቶትሬክሴት የተባለውን የተለመደ መድኃኒት እየወሰዱ በሽታው ያልበረደላቸው ሰዎች አዳሊሙማብ ሲጨመርላቸው በ24 ሳምንት ኤሲአር 20ን ያለፉት 67 ከመቶ ነበሩ፤ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ከተጨመረላቸው 15 ከመቶ ገደማ። (ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ሊገድል ይችላል። አዳሊሙማብ ከመጀመሩ በፊትም የተደበቀ ቲቢ መመርመር አለበት፤ ቲቢ በበዛበት እንደኛ ባለ አገር ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም።)

ከክፍሉ 67 ከመቶው ተማሪ ፈተና አለፈ ሲባል እያንዳንዱ 67 አመጣ ማለት አይደለም። እዚህ ደግሞ ማለፊያው ለሁሉም አንድ ነጥብ ሳይሆን ተማሪው ከራሱ የቀድሞ ውጤት ያሳየው ለውጥ ነው። ሁለት ትምህርት ግዴታ ነው፤ ከቀሩት አምስት ሦስቱን ማለፍ ይበቃል። ሃያ ያሻሻለውም ዘጠና ያሻሻለውም እኩል «አለፈ» ይባላሉ። ፈተናውን አቋርጦ የወጣ በብዙዎቹ ጥናቶች እንደ ወደቀ ይቆጠራል።

20 የሚያማት፣ 15 ያበጠ አንጓ የነበራት ሴት ወደ 16 እና 12 ብትወርድ፣ ሌሎቹንም ካሟላች አልፋለች። 12 አንጓዋ ግን አሁንም አብጧል፤ ጠዋት የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ ሊያቅታት ይችላል። በሌላ በኩል የሚያመው አንጓ ከ12 ወደ 1 የወረደለት ሰው ያበጠው ከ10 ወደ 9 ብቻ ከቀነሰ ወድቋል፤ ሌሊቱን ተኝቶ ቢያድርም።

ታዲያ ማለፊያው ለምን ዝቅ አለ? መለኪያው የተመረጠው መድኃኒትን ከፕላሴቦ በደንብ ስለሚለይ ነው። ይህ የተመራማሪ ጥያቄ ነው። በሽተኛው ምን ያህል ይሻለኛል ብሎ ከጠየቀ ማለፊያቸው የ50 እና የ70 ከመቶ መሻሻል የሆነው ኤሲአር 50 እና 70 ይታዩለት፤ በአርማዳ 55 እና 27 ከመቶ ነበሩ። በሽታው በረደ ለማለት ደግሞ ጥብቅ መስፈርት አለ፤ የሚያመውም ያበጠውም አንጓ ከአንድ መብለጥ የለበትም፣ የደም ምርመራውና የበሽተኛው ግምትም ዝቅ ማለት አለባቸው።

ያው አስተያየት ሰጪ ስለ ሌላ የዚህ በሽታ መድኃኒት «ኢታነርሴፕት 71 አምጥቷል፣ ስለዚህ ይበልጣል» ብሏል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢታነርሴፕት ጥናት ውስጥ ግን ፕላሴቦው ራሱ 27 ነበር። ልዩነቱ 44 ነው፤ በአርማዳ 52 ገደማ። ይህም አዳሊሙማብ ይበልጣል አያሰኝም፤ የተሳተፉት ሰዎች የተለያዩ ናቸው። ሁለት መድኃኒት የሚወዳደረው በአንድ ጥናት ውስጥ በሽተኞቹ በዕጣ ለአንዱ ወይም ለሌላው ሲመደቡ ነው። አምፕል የተባለው ጥናት አባታሴፕት የተባለውን ሌላ መድኃኒትና አዳሊሙማብን እንዲህ አድርጎ ሲያወዳድር በዓመቱ ኤሲአር 20ን ያለፉት 65 እና 63 ከመቶ ሆኑ።